በበጋ ወራት ከብትን በማሳ ላይ መመገብና ማሳደር፦ ስለ አፈር ለምነት የቀረበ ትምህርት

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቁጥር 6 እስከ 9 የተጻፈውን የበለሲቱን ምሳሌ ምእመናን ሁሉ ያውቁታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ ያላፈራችው በለስ እንድትቆረጥ ባለቤቱ ሲያዝ፥ የአትክልቱ ሠራተኛ አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሣት ይለምናል። በስብከታችን ዘወትር የምናተኩረው በትዕግሥቱ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው የለመነው ጊዜ ብቻ አይደለም። ዙሪያዋን ሊኮተኩት፥ ፋንድያም ሊያፈስላት ቃል ገብቷል። ምሕረቱ ዶማና ፍግ ይዞ የሚመጣ ምሕረት ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በዚህ ቦታ «ፋንድያ» የሚለውን ቃል መርጠዋል። በገበሬው አነጋገር ፋንድያ የጋማ ከብት ነው፤ የቀንድ ከብት እበት፥ የበግና የፍየል በጠጥ፥ የዶሮ ደግሞ ኩስ ይባላል። በበረት ውስጥ ከሽንትና ከገለባ ጋር የተላቈጠው አዛባ ነው፤ ተከምሮ ሲብላላ ፍግ ይሆናል፤ ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ግን ኩበት ይሆናል። ለአንድ ነገር ይህን ያህል ስም ያወጣ ሕዝብ ነገሩን አልናቀውም ማለት ነው። ጥያቄው፦ ይህ ሁሉ እበት ዛሬ ወዴት እየሄደ ነው? የሚለው ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የመካነ ሰላምን አካባቢና የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ እንመልከት። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። ቦረና፥ ሳይንት፥ ወግዲ፥ ከላላና ለጋምቦ በአንድ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ፥ በሌላ በኩል ወደ በሽሎ የሚወርዱ ገደላማ ቦታዎች ያሉባቸው፥ ከላይ ግን ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ጤፍ የሚዘራባቸው ሰፊ ደጋዎች ናቸው። የጥንቱ ደን በአብዛኛው አልቋል። የቀረው ታላቅ ጫካ የደንቆሮ ጫካ ሲሆን፥ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተከልሎ ይጠበቃል። ከዚያ ውጭ ለማገዶ የሚታየው ባሕር ዛፍና ኩበት ነው።

የአንድ ዓመት የእበት መንገድ እንዲህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ይታጨዳል፤ አውድማ ላይ ከተወቃ በኋላ ጭዱ ወደ ደጃፍ ተወስዶ ይከመራል። ቃርሚያው ለከብት ይለቀቃል። ከብቶቹ ቀን በማሳው ላይ ሲግጡ የሚጥሉትን እበት ሴቶችና ልጆች ይለቅሙታል። ሌሊት በበረት የሚጥሉት ደግሞ ጧት ተዝቆ ይጠፈጠፋል። እህሉ፥ ጭዱና እበቱ በየተራ ከማሳው ይወጣሉ፤ ተመልሶ የሚገባ ግን የለም ማለት ይቻላል። ፍግ ያላት መሬት የጓሮዋ ብቻ ናት። ለዚህም ነው ከቤት አጠገብ ያለው ገብስ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፥ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ ያለው የዚያው ገበሬ ማሳ ቢጫና ቀጭን ሆኖ የሚታየው። አፈሩ ሲፈጠር እንዲህ አልተለያየም፤ ለብዙ ትውልድ አንዱ ተሰጥቶት ሌላው ተወስዶበት ነው።

ኩበት ማንደድ ኃጢአት አይደለም፤ ይህን አስቀድመን እንናገር። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 4 ላይ እንጀራውን በከብት እበት እንዲጋግር ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንዳገኘ እናነባለን። ነገር ግን ያ ፈቃድ የተሰጠው የኢየሩሳሌምን መከበብና ረኃብ ለማመልከት በተደረገ ምልክት ውስጥ መሆኑን እናስተውል። በእበት መጋገር የጭንቅ ጊዜ ምልክት ነበር። በእኛ ደጋዎች ግን ይህ ጭንቅ የዘወትር ኑሮ ሆኗል።

ይህን ጉዳይ በዓለም ባንክ ያጠና ኬኔት ኒውኮምብ የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ደጋ መሬት በምን ዓይነት ደረጃዎች እያለፈ እንደሚደኸይ አሳይቶ ነበር። በመጀመሪያ የሚቆረጠው እንጨት ከሚያድገው ይበልጣል። ቀጥሎ ገበሬው ለራሱ ማገዶ እያጣ እንጨቱን ወደ ከተማ ይሸጣል። ከዚያ እበትና አገዳ እንጨትን ይተካሉ። ቀጥሎም ኩበት ራሱ የገበያ ሸቀጥ ይሆናል፤ ምርትም እየቀነሰ ሲሄድ ገበሬው ከእርሻ የጎደለውን በኩበት ሽያጭ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ይወድቃል። የደጋ ከተሞቻችንን ገበያ የሚያውቅ ሰው ኩበት በሸክምና በአህያ ተጭኖ ሲገባ ስላየ፥ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለን መገመት አያቅተውም።

አሁን ወደ ነገሩ ውስጥ እንግባ። ከብት ከሚበላው መኖ ውስጥ ለሥጋውና ለወተቱ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው፤ የሚበዛው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ፎስፈረስ በአብዛኛው በእበቱ ውስጥ ይገኛል። ፖታሲየም በአብዛኛው በሽንቱ ውስጥ ነው። ለሰብል ዋነኛ የሆነው ናይትሮጂን ደግሞ በሁለቱ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በሽንት ይወጣል። በበረት ውስጥ ዓይንን የሚቆጠቁጠው ሽታ፥ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ሲያመልጥ የምናሸተው ነው። እበት ሲነድ ደግሞ ናይትሮጂኑና አፈርን የሚያለሰልሰው፥ ውኃ የሚያቁረው አካል በጭስ ይጠፋል። በአመዱ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው፤ ስለዚህ አመድ ያለ ቦታው መድፋት ሌላ ጥፋት ነው።

እንግዲህ አዛባውን ከበረት አውጥቶ ወደ ሩቅ ማሳ መሸከም አንዱ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ከባድ ነው፤ አህያ የሌለው ሰው አይደፍረውም፤ ሽንቱም አስቀድሞ በበረቱ ወለል ሰምጦ ቀርቷል። ከዚህ የሚቀለው ሌላ ዘዴ እበቱን ወደ ማሳው ከመሸከም ይልቅ ከብቱ ራሱ በእግሩ ሄዶ በማሳው ላይ እንዲያድር ማድረግ ነው። አራት እግር ያለው ተሸካሚ እያለ ሰው ለምን ይሸከማል?

ይህ ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ በወለጋ ገበሬዎች የሌሊቱን በረት በየጥቂት ቀኑ ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወሩ መሬቱን ካለሙ በኋላ በቆሎ ይዘሩበታል። በምዕራብ አፍሪካ በኒጀርና በማሊ ማሽላና ዳጉሳ መሰል እህል የሚዘሩ ገበሬዎች ከፉላኒ ከብት አርቢዎች ጋር ተዋውለው፥ መንጋው በበጋ በማሳቸው ላይ እንዲያድር በእህል ወይም በገንዘብ ይከፍላሉ። በኒጀር የተደረጉ ምርምሮች በበረት ተሰብስቦ ከተጓጓዘ ፍግ ይልቅ ከብት ያደረበት መሬት የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ሽንቱ ከእበቱ ጋር በአንድነት ወደ አፈር ስለሚገባ ነው።

በካናዳ ሰፊ ሜዳዎች ደግሞ ከብት አርቢዎች ድርቆሹን በክረምት ወደ ግጦሽ ሜዳ አውጥተው ከብቱን በዚያው ይመግባሉ። (የፈረንጅ ክረምት የሚባለው የበረዶና የቅዝቃዜ ወራት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሣር የማይበቅልበትና መኖ ከክምር የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ በሥራው የሚመሳሰለው ከእኛ ክረምት ጋር ሳይሆን ከእኛ በጋ ጋር ነው።) በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ ከብቱ በሜዳው ላይ ሲመገብ ከመኖው ናይትሮጂን ሲሶ ያህሉ በአፈሩና በሚቀጥለው ሣር ውስጥ ተገኝቷል፤ በበረት ተመግቦ ፍጉ በመኪና ሲበተን ግን የተገኘው እጅግ ጥቂት ነበር።

የካናዳውን አሠራር እንዳለ ወደ ቦረና ማምጣት ግን ስሕተት ይመስለኛል። እዚያ መኖ ሞልቷል፤ የተረገጠው ድርቆሽ እንኳ እንደ ጉዝጓዝ ይቆጠራል። እኛ ዘንድ የጭድ ክምር እስከ ክረምት ዝናብ የከብቱ ነፍስ ነው፤ ለቤት ምርጊትም ይፈለጋል። ስለዚህ መኖውን በማሳው ላይ መበተን ሳይሆን ማታ ማታ የሚበቃውን ያህል ብቻ ወስዶ በእንጨት ግርግም ማቅረብ ይበቃል። የባቄላና የአተር ገለባ ከገብስ ጭድ የተሻለ ምግብነት ስላለው ለእርሻ በሬዎች ቢቀመጥ መልካም ነው። ከብቱ ሳይበላው የቀረውን ሻካራ አገዳ ሽንቱን እንዲመጥ በበረቱ ውስጥ መነስነስ ይገባል።

ስሌቱን እንሥራ። አንድ የአገራችን በሬ ወይም ላም በአንድ ሌሊት በግምት 1 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እበት ይጥላል። 10 ከብቶች በ40 ካሬ ሜትር በረት ውስጥ ቢያድሩና በረቱ በየ5 ሌሊቱ ቢዛወር፥ በአንዱ ቦታ 50 ኪሎ ደረቅ እበት ይወድቃል። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባሉት 100 ሌሊቶች 20 ቦታዎች ይዳረሳሉ፤ ይህም 800 ካሬ ሜትር፥ የጥማድ ሲሶ ያህል ማለት ነው። የሚወድቀው እበት 1,000 ኪሎ ይሆናል። ከ100 ኪሎ ደረቅ እበት 1 ኪሎ ተኩል ያህሉ ናይትሮጂን ነው ብንል፥ በጠቅላላው 15 ኪሎ ይሆናል። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጂን አለው። ስለዚህ ሽንቱን ሳንቆጥር የከረጢቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል አገኘን። የእበቱ ናይትሮጂን እንደ ዩሪያ በአንድ ክረምት ተሟጦ አይወጣም፤ ቀስ እያለ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይሰጣል። ዩሪያ የማይሰጠውን ደግሞ ይጨምራል፤ አፈሩ ውኃ እንዲይዝና ጎርፍ እንዳያጥበው ያደርጋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ በናረ ጊዜ ስንት ገበሬ ማሳውን ያለ ማዳበሪያ እንደ ዘራ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«10 ከብት ያለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ ብዙው ገበሬ ጥንድ በሬ፥ አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ቢኖሩት ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ይዞ በመቀናጆ የሚያርስም አለ። መልሱ ከዚያው ከመቀናጆ ይገኛል። በሬ ተቀናጅተው የሚያርሱ፥ በደቦና በወንፈል የሚረዳዱ ጎረቤቶች ከብታቸውን በአንድ በረት አሰባስበው በየማሳቸው በተራ ሊያሳድሩ ይችላሉ። የጥበቃውም ሌሊት ይከፋፈላል። በጎችም ይግቡበት፤ በጠጥ ብርቱ ፍግ ነው። ሆኖም መንጋ ከመቀላቀሉ በፊት ስለ አባ ሰንጋ፥ ስለ አባ ጎርባና ስለ አፍ ማዝ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከርና ማስከተብ ግዴታ ነው።

ከጀመሩ በኋላ የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። በማሳ ላይ የወደቀ እበት ሳይታረስ ከከረመ ይደርቃል፤ ናይትሮጂኑ ይተናል፤ በሐምሌ ጎርፍም ታጥቦ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ በረቱ እንደ ተነሣ፥ መሬቱ ከከብቱ ሽንት ገና እርጥብ ሳለ፥ ቢያንስ በዶማ ቆፈር ቆፈር አድርጎ ከአፈር ጋር ማዋሐድ ያስፈልጋል። ዋልካ መሬት በበጋ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በዚያ ላይ በበልግ ዝናብ መጀመሪያ በሬ መጥመድ ይሻላል። ተዳፋት ላይ ከሆነ እርከን የሌለው ማሳ ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ እርከን ካለው ደግሞ በረቱ በማሳው ላይኛ ጫፍ ይጀመርና ወደ ታች ይወርዳል። በደቡብ ወሎ በማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የሚታጠበውን አፈር ሲለካ የኖረው፥ ተዳፋት ማሳ ምን ያህል እንደሚያጣ ለማሳየት ነው። ከምንጭና ከወንዝ አጠገብም በረት አይሠራም።

ሁለተኛው ጅብና ሌባ ነው፤ በእሾህ የታጠረ ጠንካራ አጥርና የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ውርጭ ነው። በለጋምቦና በሳይንት ከፍተኛ ቦታዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ጥጃንና የከሳ ከብትን ይጎዳል፤ ስለዚህ ጥጆችና የታለቡ ላሞች ቤት ይደሩ። ጸጥታ በማይረጋገጥበት ጊዜና ቦታ ደግሞ ለፍግ ሲባል ሰውና ከብት በሜዳ ማደር የለባቸውም። እንዲህ ባለ ጊዜ በበረቱ ውስጥ ገለባ እየጎዘጎዙ ሽንቱን ማስቀረትና አዛባውን በጥላ ሥር ከምሮ በአህያ ማጓጓዝ ነው የሚቻለው።

ሌላ የሚነሣ ጉዳይ ልቅ ግጦሽን ማስቀረት ነው። በክልላችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት በተካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ፥ የታከመው መሬት እንዲያገግም ከብት በቤት ታስሮ እንዲመገብ ተመክሯል። ምክሩ ለተራራውና ለእርከኑ ትክክል ነው። ነገር ግን ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ሲታሰር ፍጉም ሁሉ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ የሩቁ ማሳ ጾሙን ያድራል። በባለቤቱ ማሳ ላይ በአጥር ተወስኖ የሚያድር ከብት ልቅ ግጦሽ እንዳልሆነ ለግብርና ባለሙያዎች አስረድቶ መስማማት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፍርድ ጥያቄ ነው። በዘሌዋውያን 19፥9-10 እግዚአብሔር የማሳውን ጥግ እንዳይለቅሙ፥ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተዉ ሕዝቡን ያዝዛል፤ ሩትም የኖረችው በዚህ ሕግ ነው። በእኛም አገር በብዙ ቦታ በቃርሚያ ማሳ ላይ የወደቀ እበት የለቀመው ሰው ነው። ከብት የሌላት መበለት እንጀራዋን የምትጋግረው፥ አንዳንዴም ጨውና ዘይት የምትገዛው በዚሁ ኩበት ነው። ባለ ከብቶች ሁሉ «እበቴ ለማሳዬ» ብለው ቢያጥሩ፥ መሬቱ ቢለማም የድሃዋ ምድጃ ይጠፋል። ይህን ያላሰበ የአፈር ትምህርት የጌታን ሠራተኛ ፋንድያ ይዞ ምሕረቱን የጣለ ነው። ሀገረ ስብከታችን በተቋቋመበት በ2007 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያወጡት «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘው መልእክት የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት ለይቶ መስማት እንደማይቻል ያስተማረው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

እኔ እንደማምንበት ፍትሐዊው ክፍፍል ይህ ነው፦ ሌሊት በበረት የወደቀው ለመሬቱ፥ ቀን በግጦሽ የወደቀው እንደ ልማዱ ለለቃሚዎች ይሁን። ከዚህም ጋር ማገዶ ካልተተካ የሌሊቱም እበት ወደ ምድጃ መመለሱ አይቀርም። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ሊያስቀር ይችላል፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ ስለሚሠራ በየአካባቢው የሚያዘጋጁ ማኅበራት ማቋቋም ይቻላል። ለእርሻ በማይሆን ገደላ ገደል ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ኩበቱን ከእሳት ያድናል፤ በእርሻ ዳር ግን ውኃውን ስለሚሻማ አይተከል። ቢያንስ አራት ከብትና በቂ ውኃ ላለው ቤተሰብ የባዮጋዝ ጉድጓድ ጋዙን ለምድጃ፥ ዝቃጩን ለማሳ ይሰጣል፤ በከፍተኛው ደጋ ግን ቅዝቃዜው ሥራውን ያዘገየዋል።

በዚህ አገር ጎረቤት ማለት ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ነው። ስለ በረት ማዛወር የሚደረግ ስምምነት በአንድ ሃይማኖት ሰዎች መካከል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ማሳው ተያይዟልና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ትምህርት በቁምስናቸው ሲያቀርቡ አስቀድመው የሽማግሌዎችን ልማድ ቢጠይቁ ይመረጣል። ከመጽሐፈ ምሳሌ 14፥4 በሬ በሌለበት ግርግሙ ንጹሕ እንደሚሆን፥ የእህል ብዛት ግን በበሬ ጉልበት እንደሚገኝ የሚናገረውን አንብበው ውይይቱን መክፈት ይችላሉ። ከዚያም እነዚህን ይጠይቁ፦ ከአንዱ ቤት በዚህ በጋ ስንት ሸክም እበት ወጥቶ ስንቱ ወደ ማሳ ተመለሰ? በመንደሩ ከብት የሌላቸው ስንት ቤቶች ናቸው፥ ማገዷቸውስ ከየት ይመጣል? በሚመጣው ታኅሣሥ አምስት ቤተሰቦች አንድ በረት ለመጀመር ቢስማሙ፥ የመጀመሪያው ተራ የማን ማሳ ይሁን?